ውሃና ፉርሽካ ያልፈቱት የሆድ ድርቀት፦ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 36 ነው። ሥራዬ የቢሮ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ሰገራ የምቀመጠው በሳምንት 2 ጊዜ ቢሆን ነው፤ የሚወጣውም ደረቅና ድብልብል ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አምጬም የቀረ ነገር እንዳለ ይሰማኛል። በቀን እስከ 4 ሊትር ውሃ እጠጣለሁ። የስንዴ ፉርሽካም ጀምሬ ነበር፤ ሆዴን ነፋኝ እንጂ አልጠቀመኝም። አሁን በየ3 ቀኑ የሰናመኪ ሻይ እየጠጣሁ ነው። አንጀቴ ይለምድብኝ ይሆን? ሰው በየቀኑ ሰገራ መቀመጥ አለበት? የ4 ዓመት ልጄም እንደ እኔ እየሆነች ነው፤ ለእሷስ ምን ላድርግ?»

በየቀኑ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። በቀን 3 ጊዜ የሚቀመጥም በሳምንት 3 ጊዜ የሚቀመጥም ሰው፣ ያለ ምጥና ያለ ሕመም እስከሆነ ድረስ፣ ጤነኛ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ችግር የሚናገረው «በሳምንት 2 ጊዜ» የሚለው ቁጥር ብቻ አይደለም። ድርቀቱ፣ ምጡና «የቀረ አለ» የሚለው ስሜት አንድ ላይ መምጣታቸው ይበልጥ ይናገራል። ሐኪሞች የሆድ ድርቀት ሥር የሰደደ ነው የሚሉት እንዲህ ያሉ ምልክቶች ቢያንስ ከ4 ጊዜ በ1ዱ ሲታዩ፣ ከጀመሩ 6 ወር ሲያልፋቸውና ያለፉትን 3 ወራት ሳይለቁ ሲቆዩ ነው።

ቀን ከመቁጠር ይልቅ የሰገራውን መልክ ማየት ይሻላል። እንግሊዝ አገር በሚገኘው የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀና ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሠራበት መለኪያ ሰገራን በ7 መልክ ይከፍለዋል። 1ኛው እንደ ፍየል በጠጥ የተነጣጠለና የጠጠረ ነው። 2ኛው የተያያዘ ሆኖ እብጥብጥ ያለ ነው። 3ኛውና 4ኛው ቅርጹን የያዘ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚወጣ ነው። ከ5ኛው ጀምሮ እየላላ ሄዶ 7ኛው ውሃ ይሆናል። መልኩ ሰገራው በትልቁ አንጀት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይጠቁማል። እርስዎ የገለጹት 1ኛውን ወይም 2ኛውን ነው፤ ይህም ሰገራው ከሚገባው በላይ መቆየቱን ያሳያል። ግባችን 3ኛው ወይም 4ኛው ላይ ማድረስ ነው። በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ እንዲህ ያለ ሰገራ ከተቀመጡ ችግሩ ተፈታ ማለት ነው።

ለምን ይደርቃል?

ከትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ አንጀት በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ይገባል። ትልቁ አንጀት ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ውሃ መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል፤ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ይህ መምጠጥ አይቆምም። ሰገራው እዚያ እስካለ ድረስ አንጀቱ ውሃውን መሳቡን ይቀጥላል። ዛሬ መውጣት የነበረበት ለነገ ከተላለፈ ነገ ይበልጥ ደርቆ ይጠብቃል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከዚያ የባሰ። የሆድ ድርቀት በመጀመሪያ የጊዜ ጉዳይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የሚበሉትና የሚጠጡት የሚጠቅመው ሰገራው እንዳይዘገይ በሚያግዘው መጠን ነው።

4 ሊትሩ ውሃ ያልረዳዎትም ስለዚሁ ነው። የተጠጣው ውሃ በአብዛኛው ትልቁ አንጀት ሳይደርስ በትንሹ አንጀት ይመጠጥና በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ውሃ ጎድሎት የቆየ ሰው በቂ መጠጣት ሲጀምር ለውጥ ያያል። በቂ የሚጠጣ ሰው ሌላ 2 ሊትር ቢጨምር ግን ሽንት ቤት መመላለስ ነው ትርፉ። ለአብዛኛው አዋቂ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ይበቃል፤ ሙቀት ሲበረታና ላብ ሲበዛ ይጨምራል። መጠኑን የሚነግርዎት የሽንትዎ ቀለም ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ፉርሽካው የነፋዎት ደግሞ ስለቀደመ ነው። ትልቁ አንጀት በደረቀ ሰገራ ተሞልቶ ሳለ ከላይ አሰር (እንደ ፉርሽካ ያለ፣ ሰውነት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) ሲጨመርበት፣ ጭነቱ ይበዛል እንጂ መንገዱ አይከፈትም። እዚያው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሰሩን እያብላሉ ጋዝ ይሠራሉ፤ ጋዙም መውጫ አጥቶ ሆድን ይወጥራል። አሰር ለእርስዎ አይስማማም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የተጠራቀመው መውጣት አለበት፤ ከዚያ አሰሩ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል።

ሰውነት በሚጠራበት ሰዓት መታዘዝ

የምክሬ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚዘለው ይህንኑ ነው። ትልቁ አንጀት ቀኑን ሙሉ በእኩል ኃይል አይሠራም። ይዘቱን ጠራርጎ ወደ መውጫው የሚገፋበት ጠንካራ መኮማተር በቀን የሚመጣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በእንቅልፍ ሰዓት ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ ከእንቅልፍ ሲነቁና ምግብ ሲበሉ ግን ይነሳል። ጨጓራ ምግብ ገብቶበት ሲወጠር ትልቁ አንጀት «ቦታ ልቀቅ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሁለቱ የሚገናኙት ከቁርስ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሰውነት ከሁሉ ይበልጥ የተዘጋጀው በዚያን ጊዜ ነው። ቡናም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከጠጡት ከደቂቃዎች በኋላ የመጨረሻውን የአንጀት ክፍል ይቀሰቅሳል። ለእርስዎ የሚሠራ ከሆነ ከቁርስ ጋር ያድርጉት።

የተገፋው ሰገራ የመጨረሻው ክፍል፣ ሬክተም የሚባለው ከረጢት ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ይወጠርና «ሰገራ መጣ» የሚለው ስሜት ይሰማል። በዚያ ጊዜ የውስጠኛው የፊንጢጣ ጡንቻ በራሱ ይላላል። የውጪኛው ጡንቻ ግን በእኛ ፈቃድ የሚዘጋና የሚከፈት ስለሆነ ስብሰባ ላይ ብንሆን ወይም ሽንት ቤቱ ባይመቸን እንይዘዋለን። ከያዝነው ሬክተሙ ግፊቱን ለቅቆ ይላላል፤ ስሜቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ሰገራው ግን እዚያው ነው፤ ውሃው መመጠጡን ይቀጥላል። ይህ ለወራት ሲደጋገም ከረጢቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ቀድሞ ስሜት ለመስጠት የሚበቃው መጠን አሁን አይበቃውም። «ሰገራ መጥቶብኝ አያውቅም» የሚሉ ብዙ ሰዎች እዚህ የደረሱት ለረጅም ጊዜ ሲይዙ ኖረው ነው።

ስለዚህ ጠዋት ከተለመደው ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድመው ይነሱ። ትኩስ ነገር ይጠጡ፤ ትንሽም ቢሆን ቁርስ ይብሉ። ከበሉ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ስሜቱ ባይመጣም እንኳ፣ ሽንት ቤት ገብተው ይቀመጡ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ያድርጉት፤ በዕረፍት ቀንም ጭምር። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው ካልመጣ ሳያምጡ ይነሱና ከምሳ በኋላ ይሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ ቢሆኑ አይዘኑ፤ አንጀት ሰዓት ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ከዚህ ውጪ በማንኛውም ሰዓት ስሜቱ ከመጣ ግን ወዲያው ይሂዱ።

ግማሽ ሰዓት መቀመጡን ዛሬውኑ ይተዉት። ስልክ ይዘው ከገቡ ጊዜው ስለማይታወቅ ስልኩን ውጪ ያስቀምጡ። ሽንት ቤት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ የፊንጢጣ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ምጥ ሲጨመርበት ኪንታሮት ይከተላል። የጠጠረ ሰገራ ሲወጣ ፊንጢጣን ከሰነጠቀ ደግሞ ሌላ አዙሪት ይጀመራል፦ ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ ይይዛል፣ የያዘው ይበልጥ ይደርቃል፣ ሲወጣም መልሶ ይሰነጥቃል።

አቀማመጥ

ሬክተምን ከኋላ ዞሮ እንደ ወንጭፍ ወደ ፊት የሚስበው ጡንቻ አለ። ስንቆም ይህ ጡንቻ ቱቦውን ስለሚያጥፈው ሰገራ አያመልጠንም። ቁጢጥ ስንል ጡንቻው ይላላል፤ እጥፋቱም ይቃናል። ከፍ ባለ የሽንት ቤት ወንበር ላይ ጭኖቻችን ከወገባችን ጋር እኩል ሆነው ስንቀመጥ ግን እጥፋቱ በከፊል ይቀራል፤ ያኔ በታጠፈ ቱቦ ውስጥ ነው የምናምጠው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መርገጫ ከእግርዎ በታች ያድርጉ፤ ጉልበቶችዎ ከወገብዎ ከፍ ይበሉ። እግሮችዎን ትንሽ ከፈት አድርገው፣ ጀርባዎን ሳያጎብጡ ወደ ፊት ያዘንብሉና ክርንዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽ አይያዙ። በአፍንጫ ወደ ውስጥ በጥልቀት ይሳቡና ሆድዎ ወደ ፊትና ወደ ጎን ሲሰፋ ይወቁት፤ ከዚያ አፍዎን ከፈት አድርገው ቀስ ብለው እያስወጡ፣ የሰፋውን ሆድ ሳያስገቡ፣ ግፊቱን ወደ ታች ወደ ኋላ ይላኩት። ፊንጢጣዎ በዚያው ቅጽበት መላላት አለበት። ጥርስ ነክሶና ፊትን አቅልቶ ማማጥ ብዙ ጊዜ የታችኛውን ጡንቻም አብሮ ያጨማድደዋል፤ ከላይ እየገፉ ከታች መዝጋት ይሆናል።

ይህ «እየገፉ መዝጋት» በአንዳንድ ሰዎች ላይ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ሰገራው ለስላሳ ሆኖም የማይወጣ፣ በጣት መርዳት የሚያስፈልግ፣ ሁልጊዜ በር ላይ የተዘጋ የሚመስል ከሆነ ችግሩ ያለው በዳሌ ወለል ጡንቻዎች (የሆድ ዕቃን ከታች ደግፈው በያዙት) ቅንጅት ላይ ሊሆን ይችላል። ሐኪም በጣቱ ሲመረምር ፍንጩን ያገኘዋል። ካስፈለገም 50 ሚሊ ሊትር ውሃ የተሞላ ትንሽ ፊኛ ሬክተም ውስጥ ገብቶ በስንት ጊዜ እንደሚወጣ ይለካል፤ በተለምዶ 1 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። እንዲህ ላለው ችግር ማለስለሻ መድኃኒት ብቻውን ብዙ አይፈይድም። የሚረዳው ጡንቻን የማላላት ሥልጠና ነው፤ ታካሚው የጡንቻውን ሥራ በመሣሪያ ላይ እያየ ይለማመዳል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ይሻላቸዋል። እርስዎ «የቀረ አለ» ስላሉ፣ ሰገራው ከለሰለሰ በኋላም ይህ ስሜት ካልጠፋ ይህንን ምርመራ ይጠይቁ።

ምግብ፦ መጠኑና ፍጥነቱ

ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመከራል፤ ለወንዶች እስከ 38 ግራም የሚያደርሱትም መመሪያዎች አሉ። 1 ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም ይይዛል፤ ቦሎቄም ቅርብ ነው። ከነልጣጩ የተበላ መካከለኛ ፖም 4 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ 40 ግራም ደረቅ አጃም እንዲሁ 4 ግራም። 1 ብርቱካን 3 ግራም፣ 1 ቁራሽ ያልተበጠረ ዱቄት ዳቦ ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። ነጭ ዱቄት ብቻ የሚበላና አትክልትን እንደ ማባያ የሚቆጥር ሰው 10 ወይም 12 ግራም ላይ ቢቆም አያስደንቅም።

ጭማሪው በሳምንት ከ5 ግራም አይብለጥ። ይህ ማለት አሰር መጨመር በሚጀምሩበት ሳምንት 1 ፍሬና ጥቂት አጃ፣ በሚቀጥለው ግማሽ ጭልፋ ምስር ነው። ጋዙ ከበዛ እዚያው መጠን ላይ 1 ሳምንት ይቆዩ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱ። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ በደንብ መቀቀል ጋዙን ይቀንሳል።

የአሰር ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ሻካራው ፉርሽካ ሆድ ለሚነፋው ሰው ከሁሉ የከበደ ነው። ውሃ ይዞ የሚያብጠውና እንደ ዝልግልግ የሚሆነው ዓይነት ግን ሰገራው ውስጥ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ አያደርቀውም። በዚህ ረገድ ብዙ የተጠናው በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የሲሊየም ቅርፊት ነው። በ1 የሻይ ማንኪያ፣ ከ3 እስከ 5 ግራም ይጀምሩ፤ በሳምንታት ውስጥ በቀን 10 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያድርሱትና ከመፍረድዎ በፊት 4 ሳምንት ይታገሡ። እያንዳንዱን መጠን ቢያንስ በ240 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፤ ካቆዩት ይረጋል፤ ውሃው ካነሰም ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ ይችላል። የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። ሌሎች መድኃኒቶችን ይዞ እንዳያስቀር በመካከላቸው 2 ሰዓት ያህል ይተዉ። ተልባም ይረዳል፤ ግን ይፈጭ። ሳይፈጭ የተዋጠው በአብዛኛው እንደገባ ይወጣል። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 2 ግራም ገደማ አሰር አለው።

የደረቀ ፕሪም ከአሰሩ ሌላ ሶርቢቶል የሚባል ስኳር በብዛት አለው። ይህ ስኳር በትንሹ አንጀት በደንብ ስለማይመጠጥ ውሃ ይዞ ይወርዳል። ጥናቶች የሞከሩት ጠዋት 50 ግራም፣ ማታ 50 ግራም ነው፤ በፍሬ ሲቆጠር በጠቅላላው ከ10 እስከ 12 ይሆናል። በግማሹ ይጀምሩ፤ ሶርቢቶልም ጋዝ አለው። በቀን 2 ኪዊ መብላትም በጥናት ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ሆድ የመንፋት ባሕርዩም ያነሰ ነው።

የምግቡ መጠንም አይረሳ። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ቁርስና ምሳ የሚዘልል ሰው የሚወጣ ሰገራም አያጠራቅም፤ ጠዋት አንጀቱን የሚቀሰቅሰውንም ጥሪ ያጣል። እንቅስቃሴን በተመለከተ ብዙ ተስፋ መስጠት አልፈልግም። በእግር መሄድ ብቻውን የጠነከረ ድርቀትን አይፈታም፤ አለመንቀሳቀስ ግን ያባብሰዋል። በቀን 30 ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያም ውስጥ 10 ወይም 15ቱን ከምግብ በኋላ ማድረግ፣ ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ተገቢ ነው።

ሰናመኪውና ሌሎቹ መድኃኒቶች

ሰናመኪ የአንጀትን እንቅስቃሴ ይቀሰቅሳል። በተገቢው መጠን ሲወሰድ የአንጀትን ነርቭ ይገድላል የሚለው ፍርሃት በጥሩ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ውስጡን ያጠቁረዋል፤ ይህ ጉዳት የሌለውና ሲቆም ቀስ በቀስ የሚጠፋ ነው። የሻይ ችግሩ መጠኑ አለመታወቁ ነው፤ አንዱ ኩባያ ደካማ፣ ሌላው ሆድ የሚቆርጥ ይሆናል።

«ለመደብኝ» የሚያሰኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ሻይው አንጀትዎን ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲያደርገው እንደገና እስኪሞላ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ምንም አለመውጣቱ የሚጠበቅ ነው። እርስዎ ግን «ተዘጋ» ብለው ሻዩን ይደግሙታል፤ አንጀቱ በራሱ ጊዜ ሊሠራ ሲል እንደገና ባዶ ይሆናል። አዙሪቱ የሚሰበረው እነዚያን ቀናት ጠብቆ በማለፍ ነው።

ለመጀመሪያው ማጽጃና ለመሸጋገሪያው ጊዜ የተሻለው በአንጀት ውስጥ ውሃ የሚይዝ ማለስለሻ ነው። ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባለው ዱቄት 17 ግራሙ በ1 ብርጭቆ ፈሳሽ ተበጥብጦ በቀን 1 ጊዜ ይወሰዳል፤ ውጤቱ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ቀን ነው። ላክቱሎዝ ሽሮፕም ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቀን ይሰጣል፤ እሱ ግን ጋዝ ያበዛል። ሁለቱም ወዲያው ስለማይሠሩ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን «አልሠራም» ብለው ይተዋቸዋል። ሰገራው 4ኛውን መልክ ሲይዝ መጠኑን ቀስ እያሉ ይቀንሱ፤ በአንድ ቀን አያቁሙት። ማግኒዥየም ያላቸው ማስቀመጫ መድኃኒቶች የኩላሊት ድካም ላለበት ሰው አደገኛ ናቸው።

ሰናመኪ ወይም እንደ እሱ አንጀትን የሚቀሰቅሰው ቢሳኮዲል የሚባል ክኒን ለመጠባበቂያ ይሁን፦ 3 ቀን ሙሉ ምንም ካልወጣ። ቢሳኮዲል ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ማታ ይዋጣል፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ጠዋት፣ ይሠራል። ክኒኑ አይሰበርም፣ አይታኘክም፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ከወተት ወይም ከጨጓራ አሲድ ማብረጃ ጋርም አይወሰድ፤ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ከሟሟ ቁርጠት ያመጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ትውከት ካለ ምንም ዓይነት ማስቀመጫ አይወሰድም።

ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ዝርዝሩን ይመልከቱ። ኮዴይንና ትራማዶል፣ የብረት ክኒን፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ያለው የጨጓራ መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖች፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ቬራፓሚልና ሽንት አብዢዎች ሁሉ ያደርቃሉ። ድርቀቱ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ከመጣ፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቁሙ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ሆርሞኑም የብረት ክኒኑም ስለሚያዘገይባት ከመጀመሪያው ሰዓትና አቀማመጡን ብትይዝ ይጠቅማታል፤ ማለስለሻ ካስፈለጋት ክትትል የሚያደርግላት ሐኪም ይምረጥላት።

የ4 ዓመቷ ልጅ

በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ድርቀት የሚጀምረው ልጅ ሰገራዋን በመያዟ ነው። አንድ ቀን የጠጠረ ሰገራ ያማታል፤ ከዚያ በኋላ ሲመጣባት ትይዘዋለች። እግሯን አቆላልፋ ትቆማለች፣ በጣቶቿ ጫፍ ትቆማለች፣ ጥግ ትይዛለች፣ ፊቷ ይቀላል። ወላጅ «እያማጠች ነው» ይላል፤ እሷ ግን እንዳይወጣ እየታገለች ነው። የውስጥ ሱሪዋ ላይ ፈሳሽ ሰገራ ማየት ከጀመሩም ተቅማጥ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ በተጋገረው ሰገራ ጎን ሾልኮ የሚያመልጣት ሊሆን ይችላል፤ እሷም አይታወቃትም። ስለዚህ አይቆጧት።

ከየምግቡ በኋላ 5 ደቂቃ ሽንት ቤት ያስቀምጧት፤ እግሯ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል መርገጫ ይደረግላት፤ ሰፊ ወንበር ከሆነ ማጥበቢያ ይግባበት። ያወጣችውን ሳይሆን መቀመጧን ያመስግኑ። ወተት በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል፤ ይቀንሱላት። የልጅ አሰር በግምት ዕድሜዋ ላይ 5 ተደምሮ ነው፤ ለእሷ 9 ግራም ገደማ ይሆናል። የእርስዎን ሰናመኪ አይስጧት። የሕፃናት ሐኪም በክብደቷ ልክ ማለስለሻ ያዝላታል፤ ወላጆች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ሰገራው በሳምንት ስለለሰለሰ መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ የሰፋው ሬክተም ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። ቢያንስ 2 ወር ይሰጣል፤ የሚቀነሰውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሳይታሰብ ክብደት ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ በቅርብ ዘመድ የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለ፣ ወይም የሰገራ ልማድዎ ከ45 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ከተለወጠ፣ ምግብ እያስተካከሉ አይጠብቁ። ሆድ ተወጥሮ፣ ትውከት ኖሮ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ ያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ድርቀቱ ከእግር መዛልና ሽንትን ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣም እንዲሁ፤ የአከርካሪ ነርቭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለልጅዎ ደግሞ፣ የመጀመሪያ ሰገራዋ ከተወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ አልወጣ ከነበረ ወይም ዕድገቷ ወደ ኋላ ከቀረ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ የመጀመሪያውን ሳምንት ለማለስለሻው፣ ለቁርሱ ሰዓትና ለመርገጫው ይስጡት፤ አሰር አይጨምሩ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ 5፣ 5 ግራም እያሉ ይጨምሩ። በወረቀት ላይ ቀኑን፣ የሰገራውን መልክ በቁጥር፣ አምጠው ወይም ሳያምጡ መውጣቱን፣ የወሰዱትንም መድኃኒት ይጻፉ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ወረቀቱ ላይ አሁንም 1ና 2 ከበዙ፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ የታይሮይድ፣ የስኳርና የካልሲየም ምርመራ ያዝዛል፤ ሰገራው የሚዘገየው መንገድ ላይ ይሁን በር ላይ ለመለየትም ያ ወረቀት ከቃል ታሪክ የበለጠ ይረዳዋል።